«አማረብሽ» የተባልኩበት ሕመም

ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ መምህራን በሙሉ በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመን የተነሣነው ነው። እኔ ከፊተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛዋ ነኝ። ጉንጬ ሞልቷል፣ አገጬ ከአንገቴ ጋር ተያይዟል፣ ፊቴ ያብረቀርቃል። እናቴ ከፎቶዎቼ ሁሉ እሱን ስለወደደችው አሳጥባ፣ ፍሬም አሠርታ ሰቀለችው። የመጣ እንግዳ ሁሉ «እንዴት አምሮባታል!» ይላል።

ፎቶው ግን የታመመ ሰው ፎቶ ነው። ያን ጊዜ እኔም አላወቅሁም፣ ያየኝም ሰው ሁሉ አላወቀም።

ይህን የምጽፈው ለመወፈር ብለው ኪኒን ለሚውጡና ለመጀመር ለሚያስቡ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጽሑፌን አንብበው ደንግጠው፣ የጀመሩትን ኪኒን ዛሬውኑ ሊጥሉ ለሚነሡ ነው። እናንተ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። ከእናቴ ጋር ቂርቆስ እንኖራለን፤ ትምህርት ቤቴ ካዛንቺስ ስለሆነ በእግሬ ነው የምመላለሰው። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት የግቢው ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ።

«ዩኒፎርምሽ የታለ? ዘግይተሽ ደግሞ!»

«ጋሼ፣ መምህርት ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ሚኒስትር ነኝ። ነይ፣ ከነዚያ ጋር ተንበርከኪ።»

ከመንበርከክ ያዳነኝ ርዕሰ መምህሩ ነው። ቀጭን ነበርኩ፤ በጣም ቀጭን። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ በቁመትም በትከሻም ይበልጡኛል። በሁለተኛው ሳምንት ስም አወጡልኝ፦ «ሚስ ስንጥር»። ወደ ሰሌዳው ስዞር ከኋላ ወንበር «ቀስ በይ ሚስ፣ እንዳትሰበሪ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ትምህርቴን በጥንቃቄ የምዘጋጅ ሰው ነኝ፤ የዓመቱን ዕቅድ በየሳምንቱ ከፋፍዬ፣ በቀለም ለይቼ ነው የምይዘው። ያ ሁሉ ዝግጅት አንድ ቀልድ ሲወረወር እንዴት ባዶ እንደሚሆን ያስተማረ ሰው ያውቀዋል።

መምህራን ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው የሒሳብ መምህርቷ ትርሲት ናት። ሞላ ያለች፣ ሳቂታ፣ ክፍል ስትገባ ዝምታው ቀድሟት የሚገባላት ሴት ናት። አንድ ቀን ዓይኔ እንባ አቅርሮ አየችኝ።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ። ማለቴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ እኮ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነፋስ ነበር የሚወስደኝ።»

«ታዲያ ምን በላሽ?»

«ምግብማ ማን የማይበላ አለ? ኪኒን አለች፣ ትንሽዬ። ቫይታሚን ነገር ናት። በቃ በወሩ ራስሽን አታውቂውም።»

እሷ ተንኮል አስባ አልነበረም፤ የጠቀማትን ነው ያካፈለችኝ። ኅዳር ላይ፣ ወደ ቤት በምገባበት መንገድ ያለች መድኃኒት መደብር ገባሁና በዝግታ ጠየቅሁ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ሻጭ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለሰርግ ነው?»

«አይ፣ ለሥራ።»

ሳቀች። ሁለት ዓይነት ኪኒን በትንሽ የወረቀት ፖስታ አድርጋ፣ በላዩ ላይ «ጠዋት አንድ አንድ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። አንዱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ሌላኛው ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጠው ዴክሳሜታዞን ይባላል። የሐኪም ማዘዣ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ለስንት ጊዜ እንደሚወሰድ አልጠየቅኋትም። ተማሪዎቼን «ለምን ብላችሁ ጠይቁ» እያልኩ የምጨቀጭቀው እኔ፣ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ትርሲት እውነቷን ነበር። በወሩ ፊቴ ሞላ። በሁለተኛው ወር ቀሚሶቼን አሰፋሁ። ጥበቃው ብድግ ብሎ «ደህና አደሩ መምህርት» ማለት ጀመረ። የታክሲ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በይ እህቴ፣ ተመችቶሽ የለ!» ሲለኝ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። «ሚስ ስንጥር» ጠፋች። ሰፈር ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ሥራው ተስማማሽ» ይላል። እናቴ ደግሞ የምስጋናው ባለቤት እሷ ናት፤ «የእናት እጅ ነው» እያለች በየደረሰችበት ታወራለች።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ከስቼ ቢሆን ኖሮ እናቴ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ትወስደኝ ነበር። እኛ አገር መክሳት ያስደነግጣል፤ መወፈር ግን ደስ ያሰኛል። ስለዚህ ሕመሜ የመጣው ሁሉም ሰው እያጨበጨበለት ነው።

ምልክቶቹ ነበሩ። ጉንጬና ሆዴ ሲሞሉ ክንድና እግሬ ግን ቀጭን እንደሆኑ ቀሩ። ከወንበር ስነሣ ጠረጴዛ መደገፍ ጀመርኩ። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ጭኔ ይከዳኝ ነበር። ትንሽ ነገር ከነካኝ ቆዳዬ ይበልዛል። ሆዴ ላይ ሐምራዊ መስመሮች ወጡ፣ ልክ ድመት እንደቧጨረችኝ። እንቅልፍ ራቀኝ። የወር አበባዬም ቀረ።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ስለ ዕጢዎች አስተምሬ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ኩላሊቶች ሣልኩ፣ በላያቸው ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ጨመርኩ፣ «እነዚህ ሰውነታችን ጭንቀትና በሽታ ሲገጥመው እንዲቋቋም የሚያደርግ ሆርሞን ያመነጫሉ» አልኩ፣ ተማሪዎቹም ገለበጡ። ኪኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያስተማርኩትና የዋጥኩት አንድ ታሪክ መሆኑን አላየሁም።

የወር አበባዬ መቅረቱን መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት። እናቶች እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያውቁ አላውቅም። እንጀራ እየበላን ሳለ እጇን አቆመች።

«ንገሪኝ። አልቆጣሽም።»

«ምኑን እማዬ?»

«ከማን ነው?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሲገባኝ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። ማልኩላት፤ አላመነችኝም። በማግስቱ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደን በሽንት ተመረመርኩ፤ እርግዝና የለም። ነርሷ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። ከእናቴ ፊት አፈርኩ፤ ደግሞም በእኔ ቤት ያ መድኃኒት አልነበረም፣ ቫይታሚን ነበር። «ጨጓራ ሊሆን ይችላል» ብለው ሽሮፕ ሰጡን።

ነሐሴ ሲገባ፣ «ያልታወቀ ነገር ነው የያዘሽ፤ ፍልሰታን ጾመን ጸበል እንያዝ» አለችኝ። ሰፈራችን ውስጥ ጸበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይቀላቅልም ይባላል። እኔም በልቤ «ከዚህ በላይ ምን እወፍራለሁ፣ ይበቃኛል» ብዬ ነበር። የጾሙ መጀመሪያ ቀን የቀሩትን ኪኒኖች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ጣልኳቸው። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጊዜ አቆምኩ። ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነው። መጀመሬ ስሕተት ነበር፤ ሞት ደጃፍ ያደረሰኝ ግን እንዲህ ማቆሜ ነው።

በአራተኛው ቀን መገጣጠሚያዬ ሁሉ እንደተቀጠቀጠ ሆነ። በሳምንቱ ማስመለስ ጀመርኩ። የጾም ድካም መሰለን። ጸበል ቦታ ተንበርክኬ ሳስመልስ አጠገቤ ያሉት ሴቶች «እሰይ፣ እያወጣላት ነው!» አሉ። እናቴ አለቀሰች፤ በደስታ ነው ያለቀሰችው። ስወፍር ደስ ያለው ሰው፣ ስጠፋም ደስ አለው።

አንድ ሰው ብቻ እንደ ሌላው አልተደሰተም። ጸበሉን የሚያጠምቁት አባ ወልደ ሰንበት ናቸው። ከሕዝቡ ለየት አድርገው ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የምትውጪው መድኃኒት ነበር?»

«አልነበረም፣ አባ።»

«ካለ አታቋርጪ። ጸበልና ሐኪም ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው።»

«የለም አባ፣ ምንም የለም።»

ለካህን ዋሸሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ጾሙ ተፈታ፣ እኔ ግን አልዳንኩም። ከዚያ የክሊኒክ ወረፋ ጀመረ። የመጀመሪያው ክሊኒክ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» ብሎ መርፌ አዘዘና ጉሉኮስ ሰቀለልኝ። በጉሉኮሱ ሁለት ቀን ነፍስ ዘራሁ፣ ከዚያ ባሰብኝ። ሁለተኛው ደረቴን በራጅ አይቶ «ሳንባሽ ንጹሕ ነው፤ ግፊትሽ ግን ወርዷል፣ ጨው ያለው ነገር ብዪ» አለኝ። ሦስተኛው፣ ደግ ሽማግሌ ሐኪም፣ ወረቀቶቼን ሁሉ አገላብጦ «መምህርት ነሽ አይደል? ጭንቀት ነው፤ ዕረፊ» አለኝ። ሦስቱም አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል፦ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ለሦስቱም «የለም» አልኩ። ውሸቴ አሁን ሰበብም አግኝቶ ነበር፦ አቁሜያለሁ፣ ስለዚህ የለም። ተማሪዎቼ መልሱን ብቻ ጽፈው ሥራውን ካላሳዩኝ ዜሮ እሰጣለሁ። እኔ ግን ለሐኪሞቼ ሥራውን ደብቄ ትክክለኛ መልስ እጠብቅ ነበር።

ከእነዚያ የመጠበቂያ ወንበሮች አንድ ነገር ብቻ በደግ አስታውሳለሁ። ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ኮሪደር ውስጥ፣ ራሴን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሳለ፣ የማላውቃቸው ሙስሊም እናት ነጠላቸውን አጥፈው ከራሴ ሥር አደረጉልኝ። «ግድግዳው ይቀዘቅዝሻል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ተራቸው ሲደርስ ነጠላውን ሳይወስዱ ገቡ፤ ሲወጡ ነው የወሰዱት።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት እናቴ «አትሄጂም» አለች፤ እኔ ሄድኩ። ጉንጬ ጠፍቶ ነበር። ጉንፋን ይዞኝም ነበር፤ ጤነኛ ሰው በሦስት ቀን የሚረሳው ዓይነት ጉንፋን። ስሜን ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ አልኩ፣ ቀና ማለት ግን አልቻልኩም። ከዚያ የማስታውሰው የተማሪዎቹን ጫማ ብቻ ነው፤ ብዙ ጫማ፣ በጣም ቅርብ።

ትርሲትና ጥበቃው በላዳ ታክሲ ሆስፒታል አደረሱኝ፤ እናቴም ደረሰች። ድንገተኛ ክፍል ያየችኝ ዶክተር በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ግፊቴን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ የደም ስኳሬ መውረዱን አየች። ከዚያ ዓይኗ አንገቴ ላይ በተንጠለጠለው የሥራ መታወቂያ ላይ ቆመ።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«መቼ ነው የተነሣሽው?»

«ግንቦት።»

መታወቂያውን አነሣችና ከጉንጬ አጠገብ ያዘችው። ሁለቱን ፊቶች አስተያየች። ከዚያ ልብሴን ገለጥ አድርጋ ሆዴ ላይ ያሉትን ሐምራዊ መስመሮች አየች።

«ለመወፈር የምትውጪው ኪኒን ነበር?»

እናቴ ቀደመችኝ። «ኧረ ዶክተር! እሷ እኮ ለራስ ምታት እንኳ ኪኒን አትውጥም።»

ዶክተሯ እናቴን አላየችም። እኔን ብቻ ትጠብቃለች። እናቴም ወደ እኔ ዞረች።

«ነበር» አልኩ። «ዘጠኝ ወር። በነሐሴ አቆምኩት።»

«ቀስ በቀስ?»

«በአንድ ቀን።»

ወዲያው በደም ሥሬ መርፌ ሰጡኝ፣ ጉሉኮስና ጨዋማ ፈሳሽ ሰቀሉ። መሸት ሲል ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ራበኝም። መርፌው ሰውነቴ ማምረት ያቃተው ያው ሆርሞን ነበር።

ዶክተሯ የነገረችኝ በአጭሩ ነው፤ ማብራራቱን ለእኔ ተዉት፣ ሥራዬ ነው። ብዙዎቻችን ቤት የውኃ ሮቶ አለ። ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ አለ፤ ውኃው ሲጎድል ኳሱ ይወርድና ቧንቧው ይከፈታል፣ ሲሞላ ኳሱ ይነሣና ቧንቧው ይዘጋል። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። አንጎል ሥር ያለች አተር የምታህል ዕጢ ደማችን ውስጥ ያለውን ሆርሞን እየለካች፣ ኩላሊት ላይ ላሉት ዕጢዎች «አምርቱ» ወይም «ይበቃል» ትላለች። የዋጥኩት ኪኒን ያንን ሆርሞን የሚመስል፣ ግን በጣም የበረታ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በየጠዋቱ በባልዲ ሮቶው ላይ ውኃ ይጨምራል እንበል። ኳሱ ሁልጊዜ ከላይ ነው፣ ቧንቧው ሁልጊዜ ዝግ ነው። ወራት ሲያልፉ ዝገት ይይዘዋል። ከዚያ ባለ ባልዲው አንድ ጠዋት ሳይናገር ይቀራል። ሮቶው ይደርቃል፣ ኳሱ ግን ካለበት አይወርድም። በፎቶው ላይ የምታዩኝ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ነው። ጠመኔዬን ያስጣለኝ ድርቀቱ ነው።

«ዕጢዎቼ ተመልሰው ይነሣሉ?» አልኳት።

«ብዙ ጊዜ ይነሣሉ። ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ቃል ልገባልሽ ግን አልችልም።»

እስኪነሡ ድረስ ከዚያው ቤተሰብ የሆነ ሌላ ኪኒን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ በሐኪም ልክ፣ በጣም ቀስ እያለ የሚቀነስ። ትኩሳት ከያዘኝ መጠኑ ይጨመራል። ካስመለሰኝና መዋጥ ካልቻልኩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ አለብኝ። ይህን ሁሉ የሚናገር ወረቀት በላስቲክ አስለብጬ ከመታወቂያዬ ጀርባ አንጠልጥዬዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስትወፍሪ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ» አለች። «የእናት እጅ ነው እያልኩ ሰፈሩን ያዳረስኩት እኔ ነኝ። የወር አበባሽ ሲቀር ደግሞ የጠረጠርኩሽ በሌላ ነገር።»

«እማዬ፣ ደበቅሁሽ እኮ።»

«ትደብቂኝ የነበረው ለምንድነው? እሱን ነው የማስበው።»

ቤት ስንመለስ ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶውን ልታወርድ ስትል ከለከልኳት። እንግዳ ሲመጣና «እንዴት አምሮባታል» ሲል ታሪኩን እነግረዋለሁ።

አባ ወልደ ሰንበት ዘንድም ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። «እኔን የዋሸሽኝን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሐኪምሽን ግን ደግመሽ እንዳትዋሺ» አሉኝ። የመድኃኒት መደብሯን ሻጭም ሄጄ አነጋገርኳት። «እኔ አስገድጄሻለሁ? ጠይቀሽ ነው የወሰድሽው» አለችኝ። ግማሹ እውነት ነው።

የቀረችኝ ትርሲት ናት። እሷን የማናግርበትን ቀን ለአንድ ወር ያህል አስተላለፍኩ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ሁሉንም ነገርኳት፦ ሮቶውን፣ ኳሱን፣ ድንገተኛ ክፍሉን። መጀመሪያ ሳቀች።

«እኔ እኮ ሦስት ዓመቴ ነው። ምንም አልሆንኩም።»

«ስትቀመጪና ስትነሺ ጠረጴዛ ትደገፊያለሽ፣ ትርሲት። አይቼሻለሁ።»

ሳቁ ከፊቷ ወረደ። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የወረቀቱን ፖስታ አወጣች፣ ጨበጠችው፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው ቆሻሻ ማስቀመጫ ውስጥ ወረወረችው። «በቃ! አለቀ! ከዛሬ ጀምሮ አልነካትም!»

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያየ ሰው አብዳለች ይለኝ ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ ቆሻሻው ውስጥ እጄን ከተትኩ። የጠመኔ ብናኝ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የተቀደደ የፈተና ወረቀት። ፖስታውን አገኘሁትና አራግፌ እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«የዛሬዋን ውጠሻል?»

«አልዋጥኩም… ረስቼው ነበር። አንቺ አይደለሽ እንዴ መርዝ ነው ያልሽኝ?»

«ዋጪያት። ሐኪም እስኪያይሽ ድረስ አንድም ቀን እንዳታቋርጪ። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

እዚህ ያደረሰኝን መንገድ የከፈተችልኝ ሴት፣ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ኪኒን አፏ ውስጥ አደረገች። እኔ ውኃውን ያዝኩላት። እንዳትጀምሩ የምለምነውን ኪኒን፣ ጓደኛዬን ለምኜ አስዋጥኳት። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ አትጀምሩ፤ ከጀመራችሁ ደግሞ ብቻችሁን አታቁሙ፤ ሐኪም ሲጠይቃችሁ አትደብቁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ደሜ የሚቀዳው የዕለቱን ኪኒን ከመዋጤ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ያለችው ሆርሞን ሰውነቴ ራሱ የሠራት ብቻ ናት። ያለፈው ውጤቴ ዝቅተኛ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ዶክተሯ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በጣቷ እያሳየችኝ «ተስፋ አለው፤ ግን ገና ነው» ብላኛለች። በዚያች ትንሽ ልዩነት ላይ ነው አሁን የምኖረው።

ትርሲት ጎኔ ተቀምጣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷ ሞልቷል፣ ያብረቀርቃል። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴት እሷን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«እህትሽን አምጥተሽ ነው? ከስታለች እኮ፤ እግዚአብሔር ይማራት።»

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች።

«ታካሚዋ የትኛዋ ናት?»

እኔ ተነሣሁ። ትርሲት የወንበሩን ክንድ ያዘች፣ ተደገፈች፣ እጄን ዘረጋሁላት፣ እሷም ተነሣች።